እጃችን የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ይሰጠን

ይድረስ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ቀዶ ሕክምና ለሚያስተምሩ ሆስፒታሎችና ለመምህራኖቻችን በሙሉ

ግልባጭ፦ በእጃችን ለምትታከሙ ሕመምተኞችና ለቤተሰቦቻችሁ

ጉዳዩ፦ ቀዶ ሕክምና የሚማር ሐኪም ፍርሃት

የሦስተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። ስሜንም የምማርበትን ሆስፒታልም አልጻፍኩም፤ ማንንም የመክሰስ ሐሳብ የለኝም። የአንድ ሆስፒታል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቢሮ ገብቼ እናገረው ነበር። ግን በየከተማው ከተበተኑ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንደዋወል ሁላችንም የምናወራው ያንኑ ነው።

እፈራለሁ። ይቺን አንዲት ቃል በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድም ሲኒየር፣ ማለት ለሚያስተምረን ትልቅ ሐኪም፣ ተናግሬያት አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበሩትም አልተናገሩም፣ ከእኔ በኋላ የመጡትም አይናገሩም። በእኛ ሙያ «ፈራሁ» ማለት «አልችልም» ማለት ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ሁላችንም ማስካችንን ከፍ፣ አንገታችንን ደፋ አድርገን እንገባለን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አንጀት ያወጣሁት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፣ ከገጠር በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ። እናቱ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሳልፍ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«ከትልቁ ሐኪም ጋር ሆነን ነው እማማ።»

ሁለቱንም እጆቼን ያዙና ሳሟቸው። «እጅሽን ይባርከው» አሉኝ። እኔ ግን ያ እጅ የሰው ሆድ ከፍቶ እንደማያውቅ አልነገርኳቸውም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ የተሰጠው ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ነው። አልተኛም፣ ነቅቷል። እሱና እኛን የለየን አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነው። ሲኒየሩ ምላጩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ሳብኩት። ቆዳው ላይ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ፤ ደም እንኳ በቅጡ አልወጣም። ፈርቼ በጣም አቅልዬ ይዤው ነበር። ደግሜ ሳብኩ። የሰው ቆዳ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቢጫው ስብ፣ ከዚያ ነጩ ሽፋን፣ ከዚያ ጡንቻው። ትርፍ አንጀቱን አገኘነው፣ አብጦ እንደ አውራ ጣት ወፍሯል። የደም ስሩን አሰርኩ። ቋጠሮዬ ላላ። ጉድጓዱ በደቂቃ ውስጥ በደም ተሞላ፣ የምይዘው ጠፋኝ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እጅሽን አውጪ!» አለ ሲኒየሩ። «በዚህ እጅ ነው ቀዶ ሐኪም የምትሆኚው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከጨርቁ ማዶ የልጁ ድምፅ መጣ። «ዶክተር፣ ምን ሆንኩ?»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልመለሰለትም። በኋላ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ግንባሩ ላይ እጁን ጫን አድርጎ «ምንም አልሆንክ፣ አይዞህ» አለው። ሲኒየሩ የደም ስሩን ያዘ፣ አሰረ፣ ጨረሰ። ልጁ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲኒየሩ መጥፎ ሰው አይደለም። እሱም ከ30 ሰዓት በላይ አልተኛም ነበር። እሱንም ያስተማሩት እንዲያው ነው። እኔን እስከዛሬ ያልለቀቀኝ የልጁ ጥያቄ ነው። ስድቡ ለእኔ የተወረወረ ቢሆንም የፈራው ግን ልጁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለወራት ተደበቅኩ። ጠዋት «ይሄን ኬዝ ማን ይሠራል?» ሲባል ዓይኔን ወደ ካርድ እተክላለሁ። ሆድ ከፍቶ የሚይዘውን ብረት ለመያዝ ሁሌም የመጀመሪያዋ ነኝ፣ ምላጭ ለመቀበል ግን የመጨረሻዋ። የገባሁባቸው ኦፕራሲዮኖች የሚመዘገቡበት ሎግቡኬ በፊርማ ተሞላ። እጄ ግን ምንም አልተማረም። እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። በስድብ የተማረ ሰው ደፋር አይሆንም፤ መደበቅ ነው የሚለምደው። የተደበቀ ሬዚደንት ደግሞ አራት ዓመቱን ጨርሶ ይመረቃል።

ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ማንም ያላስተማረኝን ነገር ልናገር። የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ በዓይን በማይታይ መጠን ይርገበገባል። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲርበው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ቡና ሲያበዛ ይጨምራል። የእኛን የዲዩቲ (የተረኝነት) ሌሊት አስቡት። እራት አልበላንም፣ ወይ ጾም ይዘናል። እንቅልፍ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችንን ለመግለጥ ሁለተኛ ስኒ ቡና እንጠጣለን። ከዚያ ድንገተኛ ይመጣል። እጃችን ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? መፍትሔውም ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። የእጅን መዳፍ ጠርዝ ሕመምተኛው ላይ ማሳረፍ፣ ክንድን ከጎን ማስጠጋት፣ መሣሪያውን አለማነቅ፣ መተንፈስ። ይህን በሁለት ደቂቃ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ስንት ሌሊት እንተርፍ ነበር።

እኔ ያንን ሰው ያገኘሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌላ ሲኒየር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አንጀቱ ተጠማዞ የታነቀበት አንድ ገበሬ ነበር፤ በሀገራችን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይሄ መጠማዘዝ ነው። ስሠራ ደም ስር ተበጠሰብኝ። እጄ ጀመረው። ጩኸት ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጎዝ (ደም የሚመጥ ጨርቅ) አንስተው ቦታው ላይ አደረጉና የእኔን እጅ ወስደው በላዩ አስቀመጡት። የራሳቸውን ደግሞ ከላይ።

«ተጫኚው። ደሙ ከጣትሽ ሥር የትም አይሄድም። አሁን እስከ ሃምሳ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሠላሳ አካባቢ ስደርስ እጄ ተረጋጋ። ሃምሳ ላይ ጎዙን ቀስ ብለን አነሳነው፣ የሚደማው ነጥብ ወለል ብሎ ታየ። «ያዢው» አሉኝ። ያዝኩት። አሰርኩት። ቋጠሮው አልላላም። ያን ቀን የተማርኩት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። ሃምሳ እስኪቆጠር የጠፋው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

እጅ ለእጅ ተያይዞ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስታውሱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ በአስቸጋሪ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ ይዟቸው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና መጡ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍና ሕመምተኞችን በማጽናናት ሥራ ጀመሩ። ከዚያ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት ባልና ሚስት፣ ዶክተር ሬጅ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፣ አጠገብ እየቆሙ፣ መሣሪያ እያቀበሉ፣ እያዩ፣ ቀስ በቀስ እየሞከሩ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። በኋላም ሊማሩ የሚመጡ ዲግሪ የጫኑ ሐኪሞችን አሠልጥነዋል። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ «ምን ዓይነት ተሰጥኦ ነው!» ከማለት በፊት የሚመጣልኝ ሌላ ነው። አጠገባቸው ሳይሰለች የቆመ አስተማሪ ነበራቸው። ጊዜም ተሰጥቷቸዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ያለፈው ዓመት ፋሲካን ቤት ነበርኩ። በግ ታርዷል። እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ ለዱለት ጨጓራውን ታጥባለች። ቀጭኑን አንጀት ልትጥለው ስትል ለመንኳት።

«ምን ሆነሻል ልጄ፣ ለውሻ የሚሰጥ ነገር እኮ ነው» አለችኝ።

አጥቤ በትሪ አድርጌ ወጥ ቤት ገባሁ። ጊዜው ያለፈበት ክር ከሆስፒታል ይዤ መጥቻለሁ። አንጀቱን ቆርጬ መልሼ ሰፋሁት። ከዚያ በአንድ በኩል ውሃ ሞላሁበትና ጫፉን ያዝኩ። በሦስት ቦታ ፈሰሰ። ስፌቶቼ ተራርቀዋል። እንደገና ቆረጥኩ፣ እንደገና ሰፋሁ። በሁለት ቦታ ፈሰሰ። ሦስተኛው ላይ ክሩን በጣም አጥብቄ ሥጋውን ቆረጥኩት። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ምንም አትልም። ስድስተኛው ላይ ውሃው ሞላ፣ አንጀቱ ተነፋ፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። እናቴ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት የፈሰሱትን አምስቱን አስቤ ነው። ያ አንጀት የሰው ቢሆን ኖሮ ሰገራው ሆድ ውስጥ ይረጫል። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ይመጣል። ሆዱ እንደገና ይከፈታል። ሊሞትም ይችላል። እኔ አምስቴ የተሳሳትኩት በበግ ነው፣ ማንም አልተጎዳም። ታዲያ ይህን ዕድል ያገኘሁት ፋሲካ ስለደረሰና እናቴ ስለታገሠችኝ መሆን ነበረበት?

የምማርበት ሆስፒታል የልምምድ ክፍል አለው። በእርዳታ የመጡ የቆዳ ሞዴሎችና አሻንጉሊቶች አሉበት። አንዳንዶቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ቁልፉ አንድ ሠራተኛ ጋ ነው፣ ሠራተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። እኛ ደግሞ ትንሽ ጊዜ የምናገኘው ማታና ሌሊት ነው። ስለዚህ ቋጠሮ የምንለማመደው በአልጋ ብረት ላይ፣ በወንበር እግር ላይ፣ በጋውናችን ማሰሪያ ነው። የሌሎች ከተማ ጓደኞቼም ይህንኑ ይሉኛል። አንዳንዶቹ ክፍሉም የላቸውም።

ውድ መሣሪያ ይገዛ አላልኩም። የበግና የፍየል አንጀት በየቄራው ይጣላል። የከብት ምላስ ለስፌት እንደ ሰው ሥጋ ይሆናል። ከካርቶንና ከስልክ ካሜራ የላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ የሚሠራ ኦፕራሲዮን) መለማመጃ ይሠራል፤ እኛው ሠርተናል። ጊዜው ያለፈ ክር በየስቶሩ ሞልቷል። የሚያስፈልገው ሌሊትም የሚከፈት ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት አጠገባችን የሚቆም አንድ ሲኒየር፣ እና አንድ ደንብ ነው፦ አንጀት ሰፍቶ ውሃ እንደማያፈስ በልምምድ ሳያሳይ ማንም ሬዚደንት የሰው አንጀት አይስፋ። «አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር» የሚለው ከውጭ የመጣ አባባል በእኛም አገር ይነገራል። በመሃል ግን «ተለማመድ» የሚል ቃል የለበትም።

ሁለተኛው ልመናዬ ምንም ወጪ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደህንነት መጠየቂያ ዝርዝር አለ። በስምንት ከተሞች፣ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት፣ ተሞክሮ የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ምላጭ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ሰው ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ያዛል። እኛም ወረቀቱ አለን። ብዙ ጊዜ ግን ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ነው የሚሞላው። እባካችሁ በሰዓቱ እናንብበው። አንድ ዓረፍተ ነገርም ጨምሩበት፦ «ዛሬ ሬዚደንቷ ከዚህ እስከዚህ ትሠራለች፣ ከዚያ ሲኒየሩ ይቀጥላል፤ ከከበዳት ትናገራለች።» በቃ። ድንበሩን ሳውቅ ፍርሃቴ በግማሽ ይቀንሳል። ሲኒየሩም ምላጩን መልሶ ሲወስድ የተቀማሁ አይመስለኝም።

ጨርቁ ማዶ ያለው ሰው ነቅቶ እየሰማ ደግሞ ማንም ማንንም አይስደብ። የሚወቀስ ነገር ካለ እጃችንን ታጥበን ከወጣን በኋላ ይነገረን። አጥፍተን ከሆነ በደንብ ይነገረን፣ አንጠላም።

ሕመምተኛ ሲሞትብን የሚሆነውን ላንሳና ላብቃ። ያለፈው ዓመት አንድ ሰው ሞቶብኛል። በእኔ ስህተት አልነበረም፣ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ የጠዋቱ ስብሰባም ይህንኑ አለ። ሆኖም ለቤተሰቡ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዋይታቸውን ሰምቼ ዞር ስል ቀጣዩ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ውሃ እንድጠጣ ያለኝ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስት ቀን ይቀመጣል። እኛ አሥር ደቂቃ ይሰጠን።

መምህራኖቼ፣ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። አንድ ሲኒየር ሦስት ጠረጴዛ ሲሮጥ ዓይቻለሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ፣ የማደንዘዣና የማህፀን ሐኪም ያስፈልጋል ብሏል፤ ሀገራችን ከዚያ በጣም ሩቅ ናት። ሰው ስለሌለ ነው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንኖች ተጨማሪ ሠልጥነው ገጠር ላይ በድንገተኛ ምጥ የተያዘች እናትን ኦፕራሲዮን የሚያደርጉት። እነሱም ያው እንደ እኛ ፈርተው ነው የጀመሩት። እኛም ስንመረቅ አንድ ሩቅ ወረዳ ሆስፒታል እንደርሳለን። እዚያ ሌሊት ደም ስር ሲበጠስ እጁን በእጃችን ላይ የሚጭን ሰው አይኖርም። የምንፈራበት ጊዜ አሁን፣ እናንተ አጠገባችን እያላችሁ መሆን አለበት።

ሕመምተኞቻችን፣ እናንተን ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለእናትየው ያልነገርኳቸውን አሁን ለሁላችሁም እነግራለሁ። በማስተማሪያ ሆስፒታል ስትታከሙ የሚማር ሰው ይነካችኋል። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ጠይቁን። እኔ ከዚያ ወዲህ እየነገርኩ ነው። «ተማሪ ነኝ፣ ትልቁ ሐኪም ከጎኔ ነው፣ አይለየኝም» እላለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዲት አሮጊት ብቻ «እሱስ የት አለ? አምጪውና ልየው» አሉኝ። ጠርቼው መጣ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሬዚደንቶች ገቡ። ማክሰኞ ሌሊት አንዷ ዲዩቲ ክፍል መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። እየተንቀጠቀጡ ነው። ጠዋት የመጀመሪያ ኬዟ ነው። ወደ ልምምድ ክፍሉ ሄድን፣ ተቆልፏል። ተመለስን፣ ከኪሴ ክር አወጣሁ፣ የአልጋው ብረት ላይ እስከ አሥር ሰዓት ቋጠሮ ስንቋጥር አደርን። ጠዋት ከሲኒየሯ ጋር ስትገባ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ደህና ሠራች።

የክፍሉ ቁልፍ ለሌሊት ተረኛዋ ነርስ ቢሰጥ እኛ ፈርመን እንወስዳለን፣ ፈርመን እንመልሳለን። ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንዲት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት